የመሪውን ሾክ መጨረሻ ላይ ግዙ

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ የደረሰው አዋሽ አርባን አለፍ እንዳልኩ፣ አንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ ነው። ፍጥነቴ 75 ነበር፤ ከኋላዬ ጄኔሬተር የተጫነበት ተሳቢ እየጎተትኩ ነበር። የግራ ጎማዬ የድልድዩን መጋጠሚያ እንደረገጠ መሪው ግራና ቀኝ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ፊት ለፊቴ የነበረው መነጽሬ ተወርውሮ ረዳቴ ጭን ላይ አረፈ። እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ፣ መሪውን ጨብጬ፣ በስም የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እየጠራሁ ፍጥነቴ ወደ 40 ሲወርድ ነው መኪናው በራሱ ጊዜ የተረጋጋው።

እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የመሪው ሾክ፣ መንገዱ ወደ መሪው የሚልከውን ምት የሚያበርደው ማለቴ ነው፣ አዲስ ነበር። ካሰርኩት ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

ሥራዬ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ መጠገንና መትከል ነው። አብዛኛው ደንበኛዬ አፋር ክልል ውስጥ ነው፤ ከሚሌ ወደ ጭፍራ፣ ከሎጊያ ወደ ዱብቲ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ቴሩ። የምነዳው ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ነው፤ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ፊቱ በሞላ (በተጠመዘዘ ሽቦ)፣ ኋላው በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ቅጠል) የቆመ። ጭነቱ ላይ ቧንቧ፣ ገመድ፣ የመፍቻ ሣጥንና ሁለት በርሜል አለ። ከኋላ ደግሞ ባለ ሁለት እግር ተሳቢ ከነጄኔሬተሩ። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት የሾክ ምክር የሚሰጥ ሰው የሚጭነውን ካልነገረ ምክሩ ዋጋ ስለሌለው ነው። ባዶውን ከቦሌ ሳሪስ የሚመላለስ ፒክአፕ ሌላ መኪና ነው።

ከመሪው ሾክ ልጀምር፤ መጀመሪያ የተሞኘሁት በእሱ ነውና። መሪው በ70 አካባቢ ትንሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ምላሱ ቅቤ ነው። «ጋሼ፣ ይህን ያሰሩበት፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጣት ነው የሚነዱት» አለኝ። ከፋብሪካው ሾክ በእጥፍ የሚወፍር፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ነገር ነው። አሰርኩት። እውነትም መንቀጥቀጡ ጠፋ፤ ሻጩንም በልቤ መረቅሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ድልድዩ መጣ።

ከጉዞው ስመለስ መኪናውን ቃሊቲ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድኩት። አስቀድመው ያደረጉት ነገር አዲሱን ሾክ ፈትቶ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነው። ገርሞኝ ስጠይቃቸው «ይህ ነገር የመኪናህን አፍ ይዞ ነበር። አሁን ይናገር» አሉኝ። ከዚያ ፊቱን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙ፤ ቀጥሎ ግራና ቀኝ። እኔም አብሬ ተንበርክኬ አየሁ። ጎማው ወደ ጎን የሚዞርበት መገጣጠሚያ ኩሽኔታ ላልቷል። አንዱ ቴስቲና፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ ይጫወታል። የፊቱን አክስል ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) ተበልቶ ቀዳዳው እንቁላል መስሏል።

ወፍራሙ ሾክ ያደረገው ይህን ሁሉ መሸፈን ብቻ ነበር። ትንሹን መንቀጥቀጥ ውጦ ዝም አሰኘው፤ መላላቱ ግን ከሥር እየባሰ ሄደ፤ ሾኩ ሊሸከመው የማይችለው ምት ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሕመም ማስታገሻ ውጦ በተሰበረ እግር እንደ መሮጥ ነው። ጎሚኒው፣ ቴስቲናውና ኩሽኔታው ከነእጅ ዋጋቸው ተደምረው ከቀዩ ሾክ ያነሰ ሂሳብ መጣ። ከዚያ ጎሚስታ ወስጄ አራቱንም ጎማ ባላንስ አስደረግሁ። የመሪ ሾክ የሚባል ነገር ጨርሶ ሳይኖርበት ሳሪስና ቃሊቲ መሃል ነዳሁት። አልተንቀጠቀጠም።

አዛውንቱ አንድ ሌላ ነገርም አሳዩኝ። ቀዩን ሾክ መሬት ላይ አስተኝተው ዘንጉን እስከ መጨረሻው ገፉት፤ ከዚያም ለቀቁት። ዘንጉ ቀስ እያለ በራሱ ወጣ። «አየህ፣ ጋዝ አለው። ጋዝ ያለው የመሪ ሾክ ሁልጊዜ ይገፋል፤ ቀኑን ሙሉ መሪህን ወደ አንድ ጎን ሲገፋብህ ይውላል» አሉኝ። ለካ ከመተሐራ ጀምሮ መሪውን በትንሹ ወደ ግራ ስይዝ የነበረው መንገዱ ዘንበል ብሎ አልነበረም! ለመሪ የሚሆነው በዘይት ብቻ የሚሠራ፣ የገፉት ቦታ ላይ የሚቀር ሾክ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በሁለት ደቂቃ የምትፈትኑት ነገር ነው፤ ሻጩ ቅር ቢለውም ፈትኑት። ካሰራችሁት በኋላ ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩና ከሥር እዩ፤ ሾኩ ከመሪው ቀድሞ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ወይ ይጎነበሳል ወይ ማሰሪያውን ይገነጥላል።

አሁን መኪናው ላይ ያለው የኦልድ ማን ኢሙ የመሪ ሾክ ነው። የታሰረውም ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ድንጋይ ስረግጥ መሪው እጄን አይመታኝም፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኖሩን እረሳዋለሁ። ጥሩ የመሪ ሾክ እንዲህ ነው።

ወደ ዋናዎቹ አራት ሾኮች ስመጣ ነገሩ ይሰፋል።

ከብዙ ሾፌሮች ጋር የምጨቃጨቅበት ጉዳይ አለ፦ ሾክ ክብደት አይሸከምም። የሚሸከሙት ሞላውና ባሌስትራው ናቸው። ኋላው ተሳቢ ሲያያዝ የሚሰምጥ መኪና ላይ ጠንካራ ሾክ ብታስሩበት ሰምጦ ይቀራል፤ የሚጨምርላችሁ መንገጫገጭ ብቻ ነው። የሾክ ሥራ የባሌስትራውን መወዛወዝ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ይገፋል፣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል ወደ አየር ይወጣል። እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ይህ በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ አየሩ ራሱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት አፋር ደግሞ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ከጋዝ ጋር ከተቀላቀለም አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ምንም አያግድም። ጠዋት ደህና የነበረ መኪና ከሰዓት በኋላ እንደ ጀልባ የሚዋኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ተሳቢ ሲጨመር ምን ይሆናል? እኔ ይህን ያወቅሁት እህል በረንዳ ነው። ሰው ይስቅብኛል ብዬ እየፈራሁ ተሳቢዬን ወስጄ አንዱን የእህል ነጋዴ ለመንኩት፤ የተሳቢውን አንገት በጤፍ መመዘኛው ላይ አሳረፍን። 190 ኪሎ። ተሳቢው በሙሉ 1,350 ኪሎ ስለሆነ ከመቶ 14 እጁ በመኪናዬ መጎተቻ ላይ ተጭኖ ነበር ማለት ነው። መጎተቻው ከኋላው አክስል 1.25 ሜትር ወደ ኋላ ይርቃል፤ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ደግሞ 3.18 ሜትር ነው። ይህ እንደ መፈንቅል ይሠራል፤ ኋላውን ሲጫን ፊቱን ያነሳል። ሂሳቡን ስሠራው ከፊት ጎማዎቼ ላይ 75 ኪሎ ገደማ ይነሳል፣ ኋላው ላይ 265 ያርፋል። አንድ ትልቅ ሰው ከፊት መከላከያው ላይ ሆኖ ወደ ላይ የሚያነሳ ያህል ነው። በላላ ቴስቲና ላይ ይህ ሲጨመር የድልድዩ ነገር ግልጽ ሆነልኝ።

ጄኔሬተሩ ብቻውን 900 ኪሎ ነው። የታሰረበትን ቡሎን ፈትተን 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብናሸሸው አንገቱ ላይ ያለው ጫና ወደ 138 ወረደ፤ ከመቶ አሥር ገደማ። ከዚህ በታች ማውረድ አልፈለግሁም፤ አንገቱ ከቀለለ ተሳቢው ራሱ ጅራቱን እንደ ውሻ መወዝወዝ ይጀምራል፣ ያ ደግሞ በማንም ሾክ አይድንም። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ለመዛኙ የሻይ ብቻ ነው። ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ መዝኑ።

ከዚያ በኋላ ነው ምርጫው የመጣው። ገበያ ላይ ያለው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ቱቦ ከውስጥ ነው፣ ከውጪ ያለው ዘይት ማጠራቀሚያ ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ቱቦ ነው፤ ጋዙ ከዘይቱ በተንሳፋፊ ፒስተን ተለይቶ በከፍተኛ ግፊት ይቀመጣል። ይህን ሁለተኛውን በ1957 እ.ኤ.አ. ለመርሴዲስ በብዛት በማምረት የጀመረው የጀርመኑ ቢልስታይን ነው። ለሙቀት ባለ አንድ ቱቦው ይሻላል፤ ዘይቱ የነካው ቆርቆሮ በቀጥታ አየር ስለሚነካው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አረፋም አይሠራም። ወረቀት ላይ ብቻ ብመርጥ እሱን እገዛ ነበር።

ግን መንገዴ ወረቀት አይደለም። አፋር ውስጥ ጎማ የሚወረውረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥቁርና ስለታም ነው። ባለ አንድ ቱቦ ሾክ ላይ ድንጋይ መትቶ ቆርቆሮውን በትንሹ ቢያጎድጉደው ፒስተኑ የሚመላለሰው በዚያው ግድግዳ ላይ ስለሆነ እዚያው ይነክሳል፤ ሾኩ አለቀ። ባለ ሁለት ቱቦው ግን ውጪው ቢጎደጉድም ውስጡ ሥራውን ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ በ500 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ መለዋወጫ በሌለበት፣ ለእኔ ይህ ከቅዝቃዜው ይበልጣል። አስፋልት ላይ ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። የውጭ ማጠራቀሚያ ያላቸው ውድ ሾኮችም አሉ፤ ዘይታቸው ስለሚበዛ ሙቀት ይችላሉ። ቆንጆ ናቸው። የእኔ ሂሳብ ግን እዚያ አይደርስም፤ የሚያገለግላቸው መካኒክም እዚህ አላየሁም።

ስለዚህ ኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀር ገዛሁ፤ ባለ ሁለት ቱቦ፣ በዝቅተኛ ግፊት ናይትሮጅን የተሞላ። የአውስትራሊያው ኤአርቢ ኩባንያ ምርት ነው። አገር ቤት የታመነ ሳጥን ስላላገኘሁ ዱባይ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ገዝቶ በካርጎ ላከልኝ። ቀድሞ የላከልኝ ጥያቄ ግን «የምትጭነው ስንት ነው?» የሚል ነበር፤ ሻጩ ጠይቆት ነው። የሾኩ ቁጥር የሚመረጠው ከባሌስትራው ጥንካሬ ጋር ተዛምዶ ነውና። ጠንካራ ባሌስትራ ሲጨመቅ የሚይዘውን ጉልበት ወደ ላይ ሲመለስ ይተፋዋል፤ ያንን መመለስ የሚገታው ሾኩ ነው። ባሌስትራ እየጨመረ ሾኩን እንደነበረ የሚተው ሰው መኪናው ለምን እንደ ፍየል እንደሚዘል አይገባውም። እኔ ኋላ ላይ አንድ ቅጠል ባሌስትራ ስለጨመርኩ ለከባድ ጭነት የተሠራውን ወሰድኩ፤ ፊቱን መካከለኛ አደረግሁት። አራቱም አንድ ዓይነት ጠንካራ ካልሆኑ የሚል መካኒክ ብዙ ነው፤ አትስሙት። ተሳቢው ፊቱን እያቀለለው ፊቱን ብታጠነክሩት ጎማው መሬት መንካት ይተዋል።

ከታሰሩ 14 ወር ሆናቸው። 31,000 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፤ ከዚህ ውስጥ ሲሶው አስፋልት ያልነካ ነው። ተሳቢ ይዤ ከአስፋልት ጉብታ ስወርድ ኋላው አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ይቆማል። በድሮው ሾክ አራት አምስት ጊዜ ይሰግድ ነበር፤ የሌሊት መብራቴም ሰማይ ሲያበራ ይውል ነበር። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች በሚሌ መስመር አስፋልቱ ላይ ካወጡት ቦይ ስወጣና ስገባም ተሳቢው መኪናውን አይጎትተውም። ባዶዬን ስሄድ ግን ኋላው ድርቅ ይላል። ከሎጊያ ተሳቢውን ጥዬ የተመለስኩ ዕለት ባለቤቴ ከአዋሽ ጀምራ ወገቧን ይዛ ነው አዳማ የደረሰችው። ይህ የሾኩ ጥፋት አይደለም፤ ለጭነት መርጬው ባዶውን ስነዳው የመጣ ነው። ሁለቱንም የሚያስደስት ከፈለጋችሁ ጥንካሬው በእጅ የሚስተካከል ዓይነት መግዛት አለባችሁ።

እንዴት እንደምፈትናቸው ልንገራችሁ፤ ይህን የተማርኩት ከአንድ የቦረና ሾፌር ነው፣ ያቤሎና ተልተሌ መካከል። የመኪናውን ጥግ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ ለትንሽ መኪና እንጂ ለላንድክሩዘር አይሠራም። ይልቅ በተሸበሸበው መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ በኋላ ቁሙና እጃችሁን ወደ አራቱም ሾክ አስጠጉ፤ አትጨብጡት፣ ያቃጥላል። ሦስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ነው የሞተው። የሚሠራ ሾክ ይሞቃል። እኔም በዚህ ዘዴ ድሮ «ደህና ነው» የተባለልኝ የኋላ ቀኝ ሾክ ለወራት ሥራ ፈትቶ እንደኖረ አወቅሁ።

የጎማ ነፋስም አለ፤ ሰው ይንቀዋል። አስፋልት ላይ የኋላውን ጎማ ነፋስ 45 ፒኤስአይ እይዛለሁ፣ ጠጠር ስገባ ወደ 32 አወርደዋለሁ፣ ፍጥነትም እቀንሳለሁ። ጎማው ራሱ ትንሹን ምት ስለሚውጠው ሾኮቹ በግልጽ ይቀዘቅዛሉ። ትንሽ የነፋስ መሙያ መያዝ ከአንድ ሾክ ይረክሳል።

ስለ ዋጋ ብዙ ብናገር ነገ ይሻራል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሶማሌ ተራ ውስጥ የጠዋትና የከሰዓት ዋጋ ሲለያይ አይቻለሁ። በግርድፉ አራቱ ሾኮች ከነካርጎው የሁለት አዲስ ጎማ ዋጋ ወሰዱብኝ። በጀቱ የማይፈቅድለት፣ ጭነቱም ቀላል የሆነ ሰው የጃፓኑን ካያባ እውነተኛውን ካገኘ አይጸጸትም። ቃሌ ግን «እውነተኛውን» ነው። አንድ ጊዜ የታወቀ ስም በተጻፈበት ሳጥን ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሾክ ገዝቻለሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ዘይቱን አንጠባጠበ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አያለሁ፦ ዘንጉ መስታወት መምሰል አለበት፣ መበየጃው ደግሞ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። ሁለቱን ሾክ ጎን ለጎን ገፍቼም እለቃለሁ፤ እኩል ካልተመለሱ ገንዘቤን ኪሴ እመልሳለሁ።

ባለፈው ወር ለምርመራ ቃሊቲ ስመለስ አዛውንቱ አራቱን ሾክ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንም አላሉም፤ ከእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ ተሳቢው ሥር ጎንበስ አሉ። ባሌስትራ ብቻ ነው ያለው፤ ሾክ የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። «ልጄ፣ መኪናህን እንዲህ አድርገህ ሞሽረህ የሚገፋህን ነገር እንዲሁ ትተኸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማሰሪያ እየበየዱልኝ ነው፤ ያ ቀይ ሾክ እንኳን ተሳቢው ሥር ይሠራ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር፤ በመፍቻ ወደ በሩ አመለከቱኝ።